ሲቆሙበት የማይዋልል ትንሽ የአሉሚኒየም ጀልባ ለ6 ፈረስ ሞተር፤ የትኛውን ልውሰድ?

ጀማሪው_አጥማጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ነው የማነበው፣ ዛሬ ግን ቸግሮኝ ነው የጻፍኩት። ከአባቴ ጋር ነው ዓሣ የማጠምደው፣ እስካሁን በሰው ጀልባ ነበር። ያ የተዋስነው 12 ጫማ ሆኖ ታቹ 36 ኢንች ብቻ ነው። ባለፈው አባቴ ዓሣ ሊያወጣ ትንሿን መረብ ይዞ ብድግ ሲል ጀልባው በአንድ ጎኑ ተኛ፣ በጠርዙ ውሃ ገባ፣ እኔ በደመ ነፍስ ወደ ሌላኛው ጎን ተወርውሬ ነው የተመለሰው። ዓሣውም መረቡም ሄዱ። አባቴ ሳቀ እኔ ግን ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን የራሳችንን ልንገዛ ነው። ሞተር አለን፣ 6 ፈረስ፣ ባለ አራት ስትሮክ። ያየኋቸው ሁለት ናቸው። አንደኛው 12 ጫማ ታቹ ቪ የሆነ (እንደ እንግሊዝኛው V ፊደል ወደ ታች የሾለ)፣ ስፋቱ 54 ኢንች ነው ይላል፣ አዲስ ይመስላል፣ ያምራል። ሁለተኛው 14 ጫማ ታቹ ዝርግ፣ የታች ስፋቱ 48 ኢንች፣ አሮጌ ነው ከበድ ይላል ሲያዩት ደግሞ የውሃ ገንዳ ነው የሚመስለው። ሰውዬው 14 ጫማ ለ6 ፈረስ ይበዛበታል አለኝ። አባቴ 95 ኪሎ ነው እኔ 70። ውሃው መካከለኛ ሐይቅ ነው፣ ከሰዓት ንፋስ ይነሳል። ፍጥነት አያስቸግረኝም፣ እንዳንገለበጥ ብቻ ነው የምፈልገው።

ሞተረኛው

ዝርጉን። አትድከም። ቪው ቆሞ ለማጥመድ አይሆንም፣ አንተ ደግሞ ችግርህ እሱ ነው።

ንፋስ_ገፋኝ

ኧረ ቀስ በሉ! ከሰዓት ንፋስ አለ እያለ ነው'ኮ። እኔ ዝርግ ነበረኝ ሦስት ዓመት፣ ውሃው መስታወት ሲሆን እንደ ሳሎን ነው እውነት ለመናገር፣ ግን ጉልበት የሚደርስ ሞገድ ሲነሳ እያንዳንዷ ሞገድ ታቹን በጥፊ ነው የምትለው፣ ጧ ጧ ጧ እያለ ጥርስህ ይነቃነቃል፣ በፊት በኩል የሚረጨው ውሃ በሙሉ አንተ ላይ ነው የሚያርፈው። ደግሞ ንፋስ ከጎን ሲመታው እንደ ቅጠል ይንሸራተታል፣ ታች የሚይዘው ነገር የለውማ። ቪው ሞገዱን ይሰነጥቃል። ቆሞ ሲሆን ትንሽ ይወዛወዛል እሺ፣ ግን ቤትህ ያደርስሃል። ንፋስ ላለው ውሃ ቪ ነው የምለው እኔ።

ሞተረኛው

በ6 ፈረስ ምን ሞገድ ትሰነጥቃለህ ባክህ 😂 ፍጥነት ላለው ጀልባ ነው እሱ

ጋሼ_ቀዛፊ

ልጄ፣ ሁለቱም እውነት አላቸው፣ ግን የጠየቅከው ስለ መገልበጥ ስለሆነ በመጀመሪያ ስፋቱን እንነጋገር።

አንድ ጀልባ ወደ ጎን እንዳይተኛ የሚይዘው ውሃው ላይ ያረፈው ስፋቱ ነው። ርዝመት ስትጨምር መረጋጋቱ የሚጨምረው በዚያው ልክ ነው፣ ከ12 ወደ 14 ጫማ ብትሄድ አንድ ስድስተኛ ያህል ብታተርፍ ነው። ስፋት ግን ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚቆጠረው። 48ን ለ36 አካፍለው፣ 1.33 ይመጣል። 1.33 በ1.33 እንደገና በ1.33 አባዛው፣ 2.37 ነው። ያ የተዋሳችሁት ጀልባና ይሄ ዝርጉ ርዝመታቸው እኩል ቢሆን እንኳ ዝርጉ ለመተኛት ከእጥፍ በላይ ይከብዳል ማለት ነው። 12 ኢንች ብቻ ነው ልዩነቱ፣ ሲያዩት ምንም አይመስልም።

አሁን የቪውን 54 ኢንች ተወው። ሻጭ የሚነግርህ የላዩን ስፋት ነው፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ። ቪ ደግሞ ወደ ታች እየጠበበ ነው የሚሄደው። ሁለት ሰው ተቀምጦበት ውሃው የደረሰበት መስመር ላይ ብትለካው 40 ኢንች ላይሞላ ይችላል። ዝርጉ ላይ ግን 48 ያሉህ የታቹን ነው፣ ውሃው ላይ የሚያርፈውን። ማስታወቂያ ላይ 1236 ወይም 1448 የሚል ቁጥር ካየህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ርዝመት በጫማ፣ የኋለኞቹ የታች ስፋት በኢንች ናቸው። ስለዚህ 54 እና 48ን ጎን ለጎን አስቀምጠህ ቪው ይበልጣል ካልክ ተሸወድክ።

ንፋስ ገፋኝ ያለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ዝርግ ጀልባ መጀመሪያ ላይ ድርቅ ብሎ ይቆማል፣ አያስፈራም፣ ግን ከተወሰነ ደረጃ ካለፈ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሄደው፣ በተለይ ጎኑ አጭር ከሆነ ጠርዙ ውሃ ነካ ማለት አለቀ ማለት ነው። ጎኑ ወደ ውጭ የተከፈተ ቪ መጀመሪያ ይዋልላል፣ ሲያዘነብል ግን እየጠነከረ ይመጣል። ስለዚህ ዝርጉን ስታይ የጎኑን ቁመትም ለካ።

ጀማሪው_አጥማጅ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን የሚያህል ነገር ማንም አልነገረኝም። በውሃ መስመሩ ላይ እንዴት ነው የምለካው ግን? ጀልባው እኮ መሬት ላይ ነው ያለው።

ጋሼ_ቀዛፊ

ውሃ ላይ ሳታየው አትግዛ። ሻጩ ውሃ ላይ አላወርድም ካለ ተወው፣ ሌላ ጀልባ አይጠፋም። አውርደው፣ አባትህ መሃል አግዳሚው ላይ ይቀመጡ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ አንዱ ጎን ተጠግተው ይቁሙ፣ አንተ ከውጭ ሆነህ ጠርዙ ምን ያህል እንደወረደ እይ። ውሃው ከወገብ በማይበልጥበት፣ ላይፍ ጃኬት ለብሰው። ሜትርም አያስፈልግህም፣ በጣትህ ለካው።

ዓሣዬ_አመለጠች

እኔም የራሴን ልናገር እንጂ፣ ስሜም ከዚያ የመጣ ነው 🤦🏽‍♀️ ጀልባዬ 48 ኢንች ነው፣ ጥሩ ነበር፣ እንደ መሬት። ከዚያ ምቾት አማረኝና ፊት ለፊት ከኮምፔንሳቶ ከፍ ያለ መድረክ ሠራሁ፣ እሱ ላይ ደግሞ የሚሽከረከር ወንበር በዘንግ አቆምኩ። መቀመጫዬ ከጀልባው ወለል በግምት አንድ ሜትር ከፍ አለ ማለት ነው። መጀመሪያ ቀን ትልቅ ዓሣ ያዝኩ፣ ጎተተችኝ፣ ወንበሩ ዞረ፣ እኔም ዞርኩ፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ነበርኩ። ጀልባው ሳይገለበጥ እኔን ብቻ ነው የጣለኝ እሱም ዕድል ነው። ስፋቱ ያው ነው'ኮ፣ ክብደቱን ወደ ላይ ስለሰቀልኩት ነው። መድረኩን ነቅዬ ዝቅ ያለ መቀመጫ አግዳሚው ላይ ካሰርኩ ወዲህ ሰላም ነው። ስለዚህ አባትህ መቆም የግድ ካስፈለጋቸው ወለሉ ላይ ይቁሙ፣ ከፍ ያለ ነገር ላይ አይሁን፣ ባትሪና ቤንዚንም ታች ይሁኑ።

ንፋስ_ገፋኝ

@ጋሼ_ቀዛፊ እሺ ስፋቱ ላይ እጅ ሰጠሁ። ግን ሦስተኛ አማራጭ ለምን አይፈልግም? ፊቱ ቪ ሆኖ ኋላው እየተዘረጋ የሚሄድ፣ ግማሽ ቪ የሚሉት። 14 ጫማ ሰፋ ያለ ካገኘ ሁለቱንም ያገኛል። ለንፋስም ለመቆምም።

ሞተረኛው

እሱ እውነት ነው፣ ግማሽ ቪ ካገኘ ይውሰድ። አሁን ወደ ሞተሩ ልምጣ ምክንያቱም 14 ጫማ ይበዛበታል ያለው ሰውዬ አሳስቶሃል።

6 ፈረስ ይዘህ፣ ሁለት ሰው 165 ኪሎ፣ ሞተሩ ራሱ 25 ኪሎ ምናምን፣ ቤንዚን፣ ባትሪ፣ ዕቃ፣ ጀልባው ራሱ ሲደመር 300 ኪሎ ታልፋለህ። በዚህ ክብደት ጀልባው ውሃው ላይ ወጥቶ አይንሸራተትም፣ ውሃውን እየገፋ ነው የሚሄደው። ውሃ እየገፋ የሚሄድ ጀልባ ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስነው ርዝመቱ ነው። ውሃውን የሚነካው ርዝመት በጫማ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጣ፣ በ1.34 አባዛ፣ ፍጥነቱን በኖት (የጀልባ ፍጥነት መለኪያ ነው) ይሰጥሃል። የ12ቱ ጀልባ ውሃ የሚነካው 11 ጫማ ቢሆን 4.4 ኖት ነው፣ በሰዓት 8 ኪሎሜትር ትንሽ አለፍ ይላል። የ14ቱ 13 ጫማ ቢሆን 4.8 ኖት፣ ወደ 9 ኪሎሜትር። በትንሽ ሞተር ረጅሙ ነው የሚፈጥነው! ሰው ይሄን ሲሰማ አያምንም። ከዚያ በላይ ጋዝ ብትሰጠው ኋላው ይሰምጣል አፍንጫው ሰማይ ያያል፣ ቤንዚኑን ትጨርሳለህ እንጂ አትደርስም። እዚያ ፍጥነት ላይ ስትሄድ ደግሞ ዝርጉም ያን ያህል በጥፊ አይመታም፣ ቅድም ለመናገር የፈለግኩት ይሄንን ነው።

ብቻህን ስትወጣ ግን ተጠንቀቅ። አንተም ሞተሩም ቤንዚኑም ኋላ ናችሁ፣ ፊቱ ባዶ ነው፣ ንፋስ ሲመጣ አፍንጫውን እንደ ሸራ ይዞ ያዞርሃል። እኔ የማደርገው 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቼ ፊት አስቀምጣለሁ፣ 20 ኪሎ ማለት ነው፣ ስመለስ እደፋዋለሁ። የመሪውን እጀታ የሚያስረዝም ቱቦ ካሰርክበት ደግሞ መሃል አግዳሚው ላይ ተቀምጠህ መንዳት ትችላለህ። የሞተር ማጥፊያውን ገመድ ክንድህ ላይ ማሰር እንዳትረሳ በተለይ ብቻህን፣ ወድቀህ ጀልባው ጥሎህ ሲሄድ ማየት ደስ አይልም።

ሌላ፣ የሞተርህ ሻፍት፣ ወደ ውሃው የሚወርደው እግሩ ማለቴ ነው፣ አጭር ነው ረጅም? ይሄን ሳታውቅ ጀልባ እንዳታይ።

ጀማሪው_አጥማጅ

አላውቅም 😅 እንዴት ነው የሚታወቀው?

ሞተረኛው

ሞተሩ ጀልባው ላይ ከሚቀመጥበት መያዣ ውስጠኛ ጫፍ ጀምረህ ከፕሮፔለሩ በላይ እስካለው አግድም ሳህን ድረስ ለካ። 38 ሴንቲ አካባቢ (15 ኢንች) ከሆነ አጭር፣ 51 ሴንቲ አካባቢ (20 ኢንች) ከሆነ ረጅም ነው። ከዚያ ጀልባው ላይ ትራንሰሙን፣ ሞተር የሚታሰርበትን የኋላውን ግድግዳ ማለቴ ነው፣ ከላይ እስከ ታች ለካ። ሁለቱ መቀራረብ አለባቸው። አጭር ሞተር ረጅም ትራንሰም ላይ ከሰቀልክ ፕሮፔለሩ አየር እየሳበ ይጮሃል እንጂ አይገፋም። ረጅም ሞተር አጭር ላይ ከሰቀልክ ደግሞ እግሩ ጥልቅ ገብቶ ይጎትትሃል፣ ድንጋይም ይመታል።

ላሜራ_በያጅ

እኔ ስለ አሮጌው ልናገር፣ ሙያዬ ነው። አሮጌ አሉሚኒየም ጀልባ አትፍራ፣ አሉሚኒየም እንደ ብረት አይበላም፣ 30 ዓመት የሠራ ጀልባ ጤነኛ ሆኖ አይቻለሁ። የሚያረጀው ሌላ ሌላው ነው።

መጀመሪያ ትራንሰም። ብዙዎቹ ውስጡ እንጨት ነው፣ በአሉሚኒየም የተሸፈነ። በመዶሻ እጀታ ቀስ እያልክ ምታው፣ ጤነኛው ኳ ይላል፣ የበሰበሰው ድፍን ድምፅ ነው ያለው። ከዚያ ሞተር ካለበት የሞተሩን እግር ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው፣ ትራንሰሙ አብሮ ከተጣጠፈ እንጨቱ ሄዷል ማለት ነው። ይሄ ይቀየራል፣ ከባድ ሥራ አይደለም፣ ግን ከዋጋው ላይ ይቀነስልህ።

ሁለተኛ፣ በሪቬት (ላሜራዎቹን በቀዳዳ አያይዞ ጫፉ ተቀጥቅጦ የሚደፈጠጥ ሚስማር) የተያያዘ ነው በብየዳ? ሪቬት መጥፎ አይደለም፣ ቀላልና ትንሽ ተጣጣፊ ነው፣ በጊዜ ብዛት ግን ይላላና ያንጠባጥባል። ለማወቅ ጀልባውን በደንብ ደግፈህ አስቀምጠውና ውስጡ ውሃ ጨምርበት፣ ብዙ አይደለም አራት አምስት ጣት ከፍታ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ክብደቱ ራሱ ያጎብጠዋል። ከስር ገብተህ የምታንጠባጥበዋን ሪቬት ሁሉ በማርከር ክበብ አድርግባት። ጥቂት ከሆኑ አንድ ሰው ከውስጥ ከባድ ብረት ይዞ አንዱ ከውጭ በመዶሻ መታ መታ ቢያደርጋቸው ይጠብቃሉ። በሲሊኮን ለብዶ የሚሸጥልህ ካለ ግን ሽሽ፣ የሚደብቀው ነገር አለ። በብየዳ የተሠራ ከሆነ መገጣጠሚያው ላይ ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ ፈልግ፣ በተለይ አግዳሚዎቹ ከጎን ጋር የሚገናኙበት ጋ።

ሦስተኛው ሰው የማያየው ነው። አግዳሚዎቹ ውስጥ ፎም አለ፣ ጀልባው ውሃ ቢሞላ እንዳይሰምጥ የሚያንሳፍፈው እሱ ነው። አሮጌ ከሆነ ውሃ ጠጥቶ ይቀመጣል፣ አንድ ጊዜ ከአንድ ጀልባ ያወጣሁት እርጥብ ፎም ሁለት ሰው ነው የተሸከመው። ጀልባ ከሚገባው በላይ ከከበደህ ወይ ፀሐይ ላይ ከርሞም ከአግዳሚው ስር ውሃ የሚወርድ ከሆነ ፎሙ ነው። እና እባካችሁ ቦታ ለማስፋት ብላችሁ መሃል አግዳሚውን አትቁረጡ!! እሱ መቀመጫ ብቻ አይደለም፣ ሁለቱን ጎን ደግፎ የያዘው እሱ ነው፣ ካወጣኸው ጎኖቹ መተንፈስ ይጀምራሉ፣ ፎሙንም አብረህ ጣልክ።

ጀማሪው_አጥማጅ

ለካሁት። 38 ሴንቲ። አጭር ነው የኔ። ሌላ ደግሞ ንፋስ ገፋኝ እንዳለው 14 ጫማ ግማሽ ቪ አገኘሁ!! ቅዳሜ አባቴን ይዤ ሦስቱንም ላያቸው ነው።

ንፋስ_ገፋኝ

ግማሽ ቪውን። አሁኑኑ እላለሁ ግማሽ ቪውን።

ጀማሪው_አጥማጅ

እሺ ሰዎች ዛሬ ሙሉ ቀን ውሃ ዳር ነበርን፣ እንደቃሌ ላውራችሁ።

መጀመሪያ 12 ጫማ ቪው። አባቴ ላይፍ ጃኬቱን ለብሶ ገባ፣ መሃል ተቀመጠ፣ ጥሩ ነው አለ። ወደ ጎን ተጠግቶ ሲቆም ጠርዙ ስንዝር ሙሉ ወረደ፣ አባቴ ወዲያው ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ጠርዝ ያዘ፣ ፊቱን ብታዩት። ውሃ መስመሩ ላይ ስለካው 39 ኢንች። ጋሼ እንዳሉት ማለት ነው። ሰውዬው «እየለመዳችሁት ትሄዳላችሁ» አለን። አባቴ «እስክለምደው ስንቴ ልዋኝ» አለው።

ግማሽ ቪው በጣም ቆንጆ ጀልባ ነበር፣ ስፋቱ ጥሩ፣ አቋሙ ጥሩ፣ ሪቬቶቹ ደረቅ። ልቤ እዚያ ነበር። ከዚያ ትራንሰሙን ለካሁ፣ 51 ሴንቲ። ሁለቴ ለካሁ፣ ሜትሩ የተሳሳተ መስሎኝ። ባለቤቱ «ትንሽ ቆርጠህ ዝቅ ማድረግ ትችላለህ» አለኝ።

ዝርጉ ጋ ስንሄድ ደክሞን ነበር። አባቴ ገባ፣ ጥግ ሄዶ ቆመ። ጠርዙ አራት ጣት ወረደና ቆመ። ከዚያ ሌላኛው ጎን ሄዶ ቆመ፣ ያው። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ መረብ እንደያዘ ሰው ጎንበስ ብሎ እጁን ውሃ ውስጥ ነከረ። ትራንሰሙ 38። የጎኑ ቁመት ከተዋስነው በአንድ ክንድ ባይሆንም በደንብ ይበልጣል። ስድስት ሪቬት ታንጠባጥባለች፣ ፎሙ ደረቅ ነው፣ ትራንሰሙ አንድ ጥግ ላይ ድፍን ድምፅ አለው፣ እሱን ተናግሬ አስቀነስኩ። ገዛነው!

ዓሣዬ_አመለጠች

እንኳን ደስ አላችሁ 🎉 አባትህን ወደድኳቸው

ጋሼ_ቀዛፊ

ትራንሰም ቆርጠህ ዝቅ አድርገው ያለህን ሰው ባለመስማትህ ደስ ብሎኛል። ከኋላ የሚመጣ ሞገድ የሚያግደው እሱ ቁመት ነው። በነገራችን ላይ መልህቅ ስትጥል ሁልጊዜ ከፊት እሰር፣ ከኋላ አስረህ ንፋስ ከተነሳ ሞተሩ ባለበት ዝቅ ባለው በኩል ነው ውሃው የሚገባው። የገባውን ውሃም ቶሎ ቶሎ ጭለፍ፣ አንድ ባልዲ ተኩል ውሃ ወለሉ ላይ ካለ ጀልባው ባዘነበለበት ጎን ተከትሎ ይሄዳል፣ ያን ያህል ስፋት ገዝተህ በገዛ ውሃህ እንዳትከስር።

ንፋስ_ገፋኝ

የግማሽ ቪው ባለቤት ስልኩን በውስጥ መስመር ላክልኝ እስቲ። የኔ ሞተር ረጅም ነው 👀

ጀማሪው_አጥማጅ

@ንፋስ_ገፋኝ ሃሃሃ ልኬልሃለሁ።

ሳምንቱን ሦስት ቀን ወጣን። ሁለት ሆነን በስልክ ስለካው በሰዓት 8.5 ነው የሚሄደው፣ ሙሉ ጋዝ ብሰጠው 9ን አያልፍም፣ ሞተረኛው ያለው ነው። አንድ ቀን ንፋስ ያዘን፣ ጧ ጧ የተባለውን ቀመስነው፣ ጋዝ ቀነስኩና ሞገዱን በሰያፍ እየወሰድኩ መጣሁ፣ ረጠብን እንጂ አልፈራንም። ብቻዬን ስወጣ ጀሪካኑን ፊት አስቀምጬ ሞክሬዋለሁ፣ ልዩነቱ የሚገርም ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፣ ወለሉ ጎርበጥባጣ ስለሆነ አባቴ እንዲመቸው ኮምፔንሳቶ ልዘረጋበት ነው፣ የትራንሰሙንም እንጨት በዚያው ልቀይረው። ምስጥና ውሃ እንዳይበላው የታከመውን ገዛሁ። ችግር አለው?

ላሜራ_በያጅ

አለው!!! የታከመ እንጨት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ መዳብ አለ። መዳብና አሉሚኒየም እርጥበት ላይ ከተነካኩ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፣ በነጭ ዱቄት ይጀምራል ከዚያ ቀዳዳ ነው። ሳንቲም እንኳ ጀልባው ታች ወድቆ ከቆየ ምልክት ይተዋል። ያልታከመ፣ ውሃ በማይፈታው ሙጫ የተጣበቀ ኮምፔንሳቶ ውሰድ፣ ጠርዙንና የብሎን ቀዳዳዎቹን ሁሉ በኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚደርቅ ሙጫ) ሁለት ሦስት ጊዜ ቀባው፣ ብሎኖቹ የማይዝግ ብረት ይሁኑ። ወለሉን ደግሞ ስስ አድርገው፣ አታስረው፣ ተነቅሎ የሚታጠብ ይሁን፣ ከስሩ ጎማ ነገር ብታነጥፍበት ድምፁንም ይቀንስልሃል። የታከመውን ቆርጠኸዋል እንዴ?

ጀማሪው_አጥማጅ

የትራንሰሙን እንጨት ቆርጬዋለሁ፣ የወለሉ ገና ነው። አባቴ ከተቆረጠው የመንጠቆ ሳጥን እሠራበታለሁ ይላል፣ ጀልባው ውስጥ ግን አላስገባውም ብዬዋለሁ። የቀረውን ነገ ጠዋት እመልሰዋለሁ።